ከፈጪነት ወደ አስፈጪነት፦ የወፍጮ ታሪክ በቢቸናና በሞጣ

የሕዝብ ታሪክ ሲጻፍ በአብዛኛው ቀድመው የሚነሡት ነገሥታት፣ ጦርነቶችና አዋጆች ናቸው። ከዚህ አልፎ ስለ ሠርቶ አዳሪው ኑሮ የሚጽፍ ሰውም ትረካውን ከማሳው ይጀምርና አውድማው ላይ ያቆመዋል። ስለ ሞፈርና ቀንበሩ፣ ስለ በሬውና ስለ ጅራፉ፣ ስለ ዘሩና ስለ መከሩ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተዚሟል። ከአውድማ እስከ ምጣድ ባለው መንገድ ላይ ስለ ተቀመጠው ጥቁር ድንጋይና በድንጋዩ ላይ ጎንብሳ ሌሊቱን ስላጋመሰችው ሴት የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። እህል ሳይፈጭ እንጀራ እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል። ታሪክ ጸሐፊው አልፎት የሄደውም ነገሩ ይህን ያህል የታወቀ በመሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ጽሑፍ በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ፣ የመፍጨት ሥራ ከእጅ ወፍጮ ወደ ሞተር ወፍጮ የተሸጋገረበትን ሂደት ይመለከታል። ሽግግሩን ወደ ገጠሩ ያደረሰው በአመዛኙ ትልቅ ፋብሪካ አልነበረም። በአንድ ቤተሰብ ጥሪት የተቋቋመ፣ በአባትና በእናት፣ በወንድና በሴት ልጅ ጉልበት የሚንቀሳቀስ አነስተኛ ወፍጮ ቤት ነበር። የለውጡን ምንነት ከማንኛውም መዝገብ ይልቅ ቋንቋችን ጠብቆልናል። አያት «ፈጨች» ይባል ነበር፤ የልጅ ልጅ «አስፈጨች» ይባላል። በግሡ ራስ ላይ የተጨመረችው ይህች «አስ» የብዙ ሺህ ሴቶችን የእያንዳንዱን ሌሊት ታሪክ ይዛለች።

አገሩና እህሉ

ቢቸናና ሞጣ የሚገኙት በጮቄ ተራራና በዓባይ ሸለቆ መካከል በተዘረጋው አምባ ላይ ነው። ሁለቱም ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አላቸው። ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ የሚደርስ፣ ከሃያ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በፈሰሰ እሳተ ገሞራ የተገነባ ተራራ ሲሆን፣ እንደ ሱሃና ሙጋ ያሉት ወንዞች ከእርሱ እየመነጩ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። እሳተ ገሞራው ለዚህ አገር ሁለት ነገር ትቶለታል፤ አንደኛው ጥቁሩ የዋልካ አፈር ነው፣ ሁለተኛው ጥቁሩ ድንጋይ ነው። አፈሩ ጤፉን ያበቅላል፤ ድንጋዩ ጤፉን ይፈጫል።

በቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አከፋፈል ከሰባቱ አውራጃዎች ሁለቱ ቢቸናና ሞጣ ነበሩ። ቢቸና በእነማይ፣ ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ምድር ላይ ያሉ የገበያ፣ የአስተዳደርና የቤተ ክህነት ማዕከሎች ናቸው። በቢቸና አቅራቢያ በትምህርቱ የታወቀው ዲማ ጊዮርጊስ ይገኛል። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተከለችው የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ናት። ከሞጣ ብዙም ሳይርቅ እቴጌ እሌኒ ያሠራችው መርጡለ ማርያም አለ። የእነዚህ ታላላቅ አድባራት የመሬት መዛግብት ስለ ርስትና ስለ ጉልት፣ ስለ ካህናቱ ድርሻና ስለ ግብሩ ይነግሩናል። በየዓመት በዓሉ፣ በየዝክሩና በየተዝካሩ የሚቀርበው እንጀራና ጠላ ግን በመሬት ስጦታ ብቻ የሚገኝ አልነበረም። እህሉ በሙሉ በሴቶች ክንድ ማለፍ ነበረበት።

የዚህ አገር እህል ደግሞ ለፈጪ የሚራራ አይደለም። የምሥራቅ ጎጃም ኩራት የሆነው ጤፍ ከእህል ዘሮች ሁሉ በቅንጣቱ ያነሰ ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ቅንጣቶች ተሰብስበው የሚመዝኑት የአንድ ግራም ሲሶ ያህል ነው። በአንድ ኪሎ ግራም ጤፍ ውስጥ ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ ቅንጣት አለ ማለት ነው። ስንዴ ገለባውና እንክርዳዱ ከተለየለት በኋላ ተፈጭቶ በወንፊት ሲነፋ ፍሩሹ ይቀራል። ጤፍ ግን ከነሙሉ አካሉ የሚፈጭ ስለ ሆነ እያንዳንዱ ቅንጣት በሁለት ድንጋዮች መካከል ተይዞ መድቀቅ አለበት። ድንጋዩ ከለሰለሰ ቅንጣቱ ሳይነካ ያመልጣል፤ ዱቄቱ ካልደቀቀም ሊጡ እንደሚገባ አይቦካም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። በመሆኑም የእንጀራ ሙያ የሚጀምረው ከምጣዱ ሳይሆን ከወፍጮው ነው።

ድንጋዩና መጁ

የእጅ ወፍጮ ሁለት አካላት አሉት። የታችኛው ሰፊ ድንጋይ ወፍጮ ሲባል በእጅ የሚገፋው የላይኛው ድንጋይ መጅ ይባላል። ወፍጮው ከጭቃ በተሠራ መደብ ላይ በመጠኑ ወደ ፊት አዘቅዝቆ ይተከላል። ፈጪዋ ከበስተ ኋላው ሆና መጁን በሁለት እጆቿ ጨብጣ ወደ ፊት ትገፋለች፤ መልሳም ትስባለች። በገፋች ቁጥር የሚሠራው ክንዷ ብቻ አይደለም፤ ወገቧ፣ ትከሻዋና ጉልበቷም አብረው ይሠራሉ። ዱቄቱ በቁልቁለቱ ተንሸራትቶ ከግርጌው ይጠራቀማል። ይህ መሣሪያ በአገራችን እጅግ ጥንታዊ ነው። በአክሱምና በአካባቢው በተካሄዱት ቁፋሮዎች የዚሁ ዓይነት የመፍጫ ድንጋዮች ተገኝተዋል። ግዕዙም ዱቄትን ሐሪፅ፣ ወፍጮን ማሕረፅ እያለ ለመሣሪያውና ለውጤቱ ከአንድ ሥር የወጣ ስም ሰጥቷቸዋል።

ሥራው ደረጃዎች ነበሩት። ባቄላና አተር ይከካል፤ ለጠላ የሚሆነው ብቅል ይገረደፋል፤ ጤፍና ገብስ ከተፈጩ በኋላ ልም እስኪሆኑ ይሰለቃሉ። ለእያንዳንዱ ሥራ እጅ ላይ የሚያርፈው ክብደትና የመጁ አካሄድ ይለያያል። ሽሮ፣ በሶ፣ በርበሬና ቅመም የየራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። ይህን ሁሉ ለይታ የምታውቅ ሴት «ባለሙያ» ትባል ነበር፤ ለትዳር የደረሰች ልጃገረድም የምትመዘንበት አንዱ ነገር ይኸው ነበር።

ከሁሉ በላይ የረቀቀው ሥራ ግን ወቀራ ነው። ድንጋይ በድንጋይ ሲፋጭ ውሎ ሲያድር ሁለቱም ይልሳሉ። ያን ጊዜ ወፍጮው በመውቀሪያ እየተነቆረ እንደገና ሻካራ ይደረጋል። ወቀራው ከበዛ ዱቄቱ አሸዋ ይቀላቅላል፤ ካነሰ ድካሙ ይጨምራል። የታወቀው የወፍጮ ድምፅ ዜማውን የሚለውጠው ድንጋዩ ሲልስ ስለ ሆነ፣ ልምድ ያላት ሴት ወፍጮዋ መቼ መወቀር እንዳለበት በጆሮዋ ታውቃለች። ይህ ዕውቀት ከእጅ ወፍጮ ጋር ያልጠፋ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

ፈጪዋ

እ.ኤ.አ. ከ1624 እስከ 1633 በኢትዮጵያ የነበረው ኢየሱሳዊው ማኑኤል ደ አልሜይዳ ስለ አገሩ ኑሮ በጻፈው ታሪክ መፍጨት የሴቶች ሥራ መሆኑን፣ ወንዶች ባሮች እንኳ ቢሆኑ ለመፍጨት ፈቃደኛ እንዳልነበሩ መዝግቧል። ይህ አስተያየት ብዙ ይናገራል። በዚያ ዘመን ኅብረተሰብ ውስጥ ከባሪያ በታች የሚቆም ሰው አልነበረም። እርሱም ቢሆን ከወፍጮ ሥር ለመንበርከክ አይፈቅድም ነበር ማለት ሥራው ከድካሙ ሌላ የክብር ማጣት ምልክት ሆኖ ይታይ እንደ ነበር ያመለክታል።

በተራው ገበሬ ቤት የምትፈጨው ሚስት፣ እናት፣ ምራት ወይም ልጅ ናት። ሥራው የሚጀመረው በመጀመሪያው ዶሮ ጩኸት ነው። ቀን ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ማረም፣ መጋገርና ልጅ ማሳደግ ስላለ ለወፍጮው የሚተርፈው ሌሊቱ ብቻ ነበር። የአንድ ቀን እንጀራ የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይጠይቃል ቢባል ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። በባላባቱና በመኳንንቱ ቤት ደግሞ ወፍጮ ቤት ራሱን የቻለ ክፍል ሆኖ በርካታ ድንጋዮች ተደርድረው ገረዶችና የባሪያ ሴቶች ሲፈጩ ያድሩ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሚተርክባቸው ስፍራዎች አንዱ የሆነው ዲማ የሚገኘው በዚሁ በቢቸና አካባቢ ነው። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የፊታውራሪ መሸሻን ቤት ያስታውሳል። እንዲህ ያለውን ቤት በማዕርጉ ያቆመው መሬቱ ብቻ አለመሆኑን፣ ከጓዳው በስተ ኋላ የሚሰማው የመጅ ድምፅም ጭምር መሆኑን መገንዘብ ያስፈልጋል።

ለተዝካርና ለሠርግ የሚያስፈልገው ዱቄት ከአንድ ቤት አቅም በላይ በሚሆንበት ጊዜ ጎረቤት በወንፈል ይረዳዳል። ሴቶቹ እህሉን ተከፋፍለው በየቤታቸው ይፈጫሉ፤ ወይም ተሰብስበው በተራ ይገፋሉ። የወፍጮ እንጉርጉሮ የተወለደው በእነዚህ ሌሊቶች ነው። ፈጪዋ የመጁን ምት ተከትላ ስለ ባሏ፣ ስለ አማቷ፣ ስለ ሞተባት ልጅና ስለ ራቀባት ወላጅ በዜማ ትናገራለች። በቀን ፊት ለፊት የማይነገረው በሌሊት በወፍጮ ላይ ይነገር ነበር፤ ሰሚም ቢኖር ለወፍጮው የተባለ ነውና አይከሰስም።

ጦርነትም ያለ ፈጪ አልተካሄደም። እንደ ዘመኑ ልማድ ጦር ሲንቀሳቀስ ሴቶች ስንቅ ተሸክመው ይከተላሉ፤ በሠፈሩም ቦታ ይፈጫሉ፣ ይጋግራሉ። በ1888 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ በሶው፣ ቆሎውና ድርቆሹ የተሰናዳው በዚህ ምድር ሴቶች እጅ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንም ጠላት በቢቸናና በሞጣ ምሽግ ሠርቶ ሲቀመጥ አርበኛው በገጠሩ ተሰማርቶ ይዋጋ ነበር። ደጃዝማች በላይ ዘለቀና ሌሎቹ የምሥራቅ ጎጃም አርበኞች አምስት ዓመት ሙሉ በዱር ሲቆዩ ቋሚ የስንቅ መጋዘን አልነበራቸውም። መጋዘናቸው የገበሬው ጎተራ ነበር። ከጎተራው ወጥቶ በሶ እስኪሆን ድረስ ያለውን የተሸከመችው ፈጪዋ ናት። በዚያን ጊዜ በሌሊት መፍጨት ከድካሙ ሌላ አደጋም ነበረው፤ ምክንያቱም የወፍጮ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

የሞተሩ መምጣት

የሞተር ወፍጮ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከባቡር ሐዲዱ ጋር በተያያዘ መንገድ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በአጋሰስ ጀርባ ሊጫኑ የማይችሉ ከባድ መሣሪያዎች ወደ መሐል አገር ለመግባት ቻሉ። ጎጃም ግን ከዓባይ ማዶ ነው። ዓባይ ሦስት ማዕዘን ከቦት የተቀመጠ አገር በመሆኑ፣ አንድ የብረት ዕቃ ቢቸና እስኪደርስ ድረስ የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት ነበረበት።

በወረራው ዘመን ጣልያኖች ለጦራቸው ስንቅ ሲሉ በዋና ዋና ከተሞች የዱቄት ወፍጮዎችን ተክለዋል። በአዲስ አበባ የሚገኘው የቃሊቲ የዱቄት ፋብሪካ የዚያ ዘመን ተከላ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ከወጣ በኋላ ከመኪና መንገዱ ጋር የቃላት ቅሪት ትቶ ሄዷል። ናፍታ፣ ቺንጋ፣ ፑሌጃ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ማርሚታ የሚሉት ቃላት በማንኛውም ወፍጮ ቤት ይሰማሉ፤ ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። የነጩ ስንዴ ዱቄት «ፉርኖ» መባሉም ከዚያው ቋንቋ ነው። ይሁን እንጂ በሞተሩ ጫፍ ላይ የሚሽከረከረው ነገር የአገሩን ስም እንደያዘ ቀርቷል፤ ወፍጮ ነው። የሚሳለውም በወቀራ ነው። ብረቱ ስሙን ከባሕር ማዶ ይዞ ሲመጣ ድንጋዩ የራሱን ስም አልለቀቀም።

ከነፃነት በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት ሞተር ወፍጮ ከትልልቅ ከተሞች ወደ አውራጃ ከተሞች፣ ከዚያም ወደ ወረዳ ከተሞችና ወደ ገጠር ገበያዎች ተዳረሰ። በብዙ ስፍራ ስሙ የገነነው የእንግሊዙ የሊስተር ሞተር ነው። ይህ ሞተር በእንግሊዝ አገር በደርስሊ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1930 ገደማ ጀምሮ እስከ 1987 ድረስ ተሠርቷል፤ አምሳያውም በሕንድ ሲመረት ቆይቷል። በደቂቃ 650 ጊዜ ያህል ብቻ የሚሽከረከር፣ ሁለት ከባድ መዘውሮች ያሉት፣ በእጅ መዘወሪያ የሚነሣ፣ በበርሜል ውሃ የሚቀዘቅዝ ናፍታ በል ነው። ፍጥነቱ አነስተኛ በመሆኑ ቶሎ አያረጅም፤ አሠራሩ ቀላል በመሆኑም ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው ፈትቶ ሊገጥመው ይችላል። ለገጠር ወፍጮ የተመቸው በእነዚህ ባሕርዮቹ ነው።

ሆኖም የጎጃም ደጋ ለዚህ ሞተርም የራሱ ፈተና ነበረው። ከ2400 ሜትር በላይ አየሩ ስለሚሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ጥቂት የማይባለውን ያጣል። ስድስት የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር ቢቸና ላይ ከአምስት አይበልጥም። ሌላው ጉዳይ እህሉ ነው። በብረት መዶሻ እየቀጠቀጠ የሚፈጭ ወፍጮ ለበቆሎና ለማሽላ ሲስማማ ለጤፍ ግን ክብ ድንጋዮቹ ተመራጭ ሆነው ቆይተዋል። አንዱ ድንጋይ ቆሞ፣ ሌላው በላዩ ሲሽከረከር፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በብሎን እየጠበበ ጤፉ ይደቅቃል። ማንም እንደሚያስተውለው ይህ ጥንታዊው ወፍጮና መጅ ነው፤ ልዩነቱ መጁ ክብ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ከሰው ክንድ ወደ ናፍታ መዛወሩ ነው።

የቤተሰብ ወፍጮ ቤት

ወፍጮ ቤቱ አብዛኛውን ጊዜ ከባለቤቱ መኖሪያ ጋር በአንድ ግቢ ይሠራል። ሞተሩ በድንጋይና በሲሚንቶ መሠረት ላይ ይታሠራል። ቺንጋው ከሞተሩ ፑሌጃ ወደ ወፍጮው ፑሌጃ ይዘረጋል። የጢስ ማውጫው በጣሪያ ወይም በግድግዳ በኩል ይወጣና ድምፁ ለሠፈሩ ሁሉ ወፍጮው መነሣቱን ያውጃል። ሴቶች ድምፁን ሰምተው እህላቸውን በስልቻ፣ በአቁማዳ ወይም በጆንያ አድርገው በጀርባቸው አዝለው፣ የገጠሩ ሰው ደግሞ በአህያ ጭኖ ይመጣል። ወረፋውን የሚይዘው ሰው ሳይሆን ከረጢቱ ነው፤ ከረጢቶች በመምጫቸው ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፣ ባለቤቶቻቸውም በጥላ ሥር ተቀምጠው ይጨዋወታሉ።

በእንዲህ ያለ ቤት ሥራው በቤተሰቡ መካከል የተከፋፈለ ነው። አባት ሞተሩን ያነሣል፣ ናፍታና መለዋወጫ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ወይም አዲስ አበባ ይወርዳል። እናት ወይም ሴት ልጅ ሚዛኑን ትይዛለች፣ ሒሳቡን ትቀበላለች። ወንዱ ልጅ እህሉን ያፈሳል፣ ውሎ አድሮም ወቀራ ይማራል። ለወቀራ የላይኛው ድንጋይ ይነሣና በመሮና በመዶሻ ቦዮቹ እንደገና ይጠረባሉ። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው እህል አሸዋ ስለሚያነሣ የሚፈጨው ለሰው የማይቀርብ እህል ነው። ይህን ያላደረገ ወፍጮ ቤት በሁለተኛው ቀን ደንበኛ አያገኝም፤ በእንጀራ ውስጥ የተገኘ አሸዋ ወሬው ከገበያ ይቀድማልና።

የተራው አደረጃጀትም ሙያ ይጠይቃል። በድንጋዮቹ መካከል ከፊተኛው እህል ጥቂት ስለሚቀር ነጭ ጤፍ ከጥቁር ጤፍ ወይም ከማሽላ ቀጥሎ ቢገባ መልኩ ይጎድፋል። በርበሬማ ከእህል ወፍጮ መራቅ አለበት። በመሆኑም ባለ ወፍጮው ነጩን ከነጩ፣ ቀዩን ከቀዩ እያከታተለ ወረፋውን ሲያዛንፍ ከደንበኞቹ ጋር ክርክር ይገጥማል። ይህን ክርክር በፈገግታ የሚፈታ ሰው ወፍጮው ይከበርለታል። ከአንድ ወፍጮ ቤት አጠገብ ሌላ ሲከፈት አስፈጪዎችን የሚያስቀረው የዋጋው ልዩነት ብቻ ሳይሆን ይህ መተማመን ነው። እህሉን ሰጥቶ ዱቄቱን የሚረከብ ሰው ያልጎደለበት መሆኑን የሚያውቀው በባለቤቱ ታማኝነት ነውና።

ለውጡ ያለ ማንገራገር የተቀበለ አልነበረም። የሞተር ዱቄት ትኩስ ሆኖ ስለሚወጣ ጣዕሙን ያጣል፣ ናፍታ ናፍታ ይላል የሚሉ ነበሩ። አንዳንድ ባልም ሚስቱ ወፍጮ ቤት መዋሏን በጥርጣሬ ያይ ነበር። ዳሩ ግን አንድ ኩንታል እህል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሲደቅቅ ያየች ሴት ወደ መጁ በፈቃዷ አልተመለሰችም። ቀድሞ ለብቻዋ በሌሊት ጨለማ የምትሠራውን አሁን በቀን ብርሃን ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጣ ትጠብቀው ጀመር። ለብዙ ሴቶች ወፍጮ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያንና ከገበያ ቀጥሎ ከደጃፋቸው ወጥተው የሚነጋገሩበት ሦስተኛው ስፍራ ሆነ።

ያልተገመተው ድካም

በኅዳር 1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ጎጃምን ለአመፅ እንዳነሣሣ ይታወቃል። ሞጣና ቢቸና ከአመፁ ዋና ማዕከሎች መካከል ነበሩ። ገበሬው ገማቾች ወደ መሬቱ እንዳይገቡ ከለከለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ። ይህ ታሪክ በብዙ ተጽፏል። ከወፍጮ ታሪክ አንጻር ሲታይ ግን አንድ ያልተነሣ ነገር አለበት። ግብር ገማቹ ሊገምት የመጣው በማሳና በአውድማ ላይ የሚታየውን ነው። ከአውድማ በኋላ ያለውን ድካም የገመተ መንግሥት በታሪካችን አልነበረም። የሴቲቱ ሌሊት በማንኛውም የግብር መዝገብ አልገባም፤ ገቢ አይደለምና ግብር አልተጠየቀበትም፣ ወጪ አይደለምና አልተቀነሰለትም።

ይህ ድካም ዋጋ እንዳለው ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያሳየው ወፍጮ ቤቱ ነው። ለመፍጨት ሳንቲም ሲከፈል ቀድሞ በነፃ ይሠራ የነበረው ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ታወቀ። ነገር ግን ሳንቲሙን ማን ይሰጣል? የቤቱ ጥሬ ገንዘብ በባል እጅ በሚገኝበት ኑሮ ሚስቲቱ ለወፍጮ የሚከፈለውን መጠየቅ ነበረባት። ችግር በመጣ ጊዜም በቅድሚያ የሚቆጠበው የወፍጮ ዋጋ ነበር፤ የእርሷ ክንድ ሁልጊዜ በነፃ ይገኛልና። ስለዚህ የእጅ ወፍጮው ከጓዳ አልወጣም። በ1966 ዓ.ም. የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ሲያሻቅብ፣ በክረምት መንገድ ሲቆረጥ፣ ኩሽኔታ ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠፋ፣ ሞተሩ ዝም በሚልበት ቀን ሁሉ ድንጋዩ እንደገና ይሰማ ነበር። የሞተሩ ዝምታና የመጁ ድምፅ ተከታትለው የሚመጡ ነገሮች ነበሩ።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ለውጥ ወፍጮ ቤቱንም ነክቶታል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በሐምሌ ወር ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኑ። በ1968 ዓ.ም. የወጣው ሌላ አዋጅ የግል ኢንዱስትሪን ካፒታል በ500000 ብር ሲወስን አነስተኛው ወፍጮ ከዚህ ወሰን እጅግ በታች ስለ ነበር በቤተሰብ እጅ ሊቀጥል ቻለ። በጎኑም የገበሬዎች የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት የራሳቸውን ወፍጮ ማቋቋም ጀመሩ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. አንሥቶ በብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሴቶች ፊደል እንዲቆጥሩ ሲጠሩ ወፍጮ በቀረበበትና ባልቀረበበት ቀበሌ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አልነበረም። ሌሊቱን ስትፈጭ ያደረች ሴት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ዓይኗን ገልጣ ለመቀመጥ አቅም ከየት ታመጣለች? ወፍጮ ለማንበብ አያስተምርም፤ ለማንበብ የሚሆነውን ሰዓት ግን የሚሰጥ እርሱ ነው።

መደምደሚያ

ውሎ አድሮ የኤሌክትሪክ መስመር በደረሰባቸው ከተሞች የናፍታው ሞተር ቦታውን ለኤሌክትሪክ ሞተር ለቋል። ሁለቱ መዘውሮች ቆመዋል፤ በጣሪያው የሚወጣው ጢስ ጠፍቷል። ባለ ወፍጮው ግን አሁንም ድንጋዩን ያነሣል፣ ያስተኛል፣ ይወቅራል። የጥንቷ ፈጪ በጆሮዋ ታውቀው የነበረውን፣ የድንጋይን መላስ የሚነግር ድምፅ እርሱም በጆሮው ያውቀዋል። ዕውቀቱ ከሴቲቱ ጓዳ ወጥቶ ወደ ወንዱ ወፍጮ ቤት ሲሸጋገር የደመወዝና የክብር ሥራ ሆኗል። አልሜይዳ ባሪያ እንኳ የማይነካው ብሎ የመዘገበው ሥራ፣ ሞተር ከተገጠመለት በኋላ አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሙያ መሆኑ ሊያስተዛዝብም ሊያስተምርም ይገባል።

የቢቸናና የሞጣ ታሪክ ሲነገር አርበኞቹ፣ አድባራቱና የግብር አመፁ መነሣታቸው ተገቢ ነው። ከእነርሱ ጎን ግን ወፍጮውና መጁም ስፍራ ሊሰጣቸው ይገባል። በየቤቱ የተረሱት ድንጋዮች የበር መደገፊያና የልብስ ማጠቢያ ሆነው ከማለቃቸው በፊት ጥቂቶቹ ከነመደባቸው ተጠብቀው ሊታዩ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ የሞተር ወፍጮዎችም እንዲሁ ብረታቸው ለቁራጭ ከመሸጡ በፊት ሊመዘገቡ ይገባል። ከሁሉም የሚያስቸኩለው የወፍጮ እንጉርጉሮ ነው። ድንጋይ ይቆያል፣ ብረትም ይዝጋል እንጂ ቶሎ አያልቅም። በሌሊት ለወፍጮው ብቻ የተነገረው ዜማ ግን ያለው በአሮጊቶች ትዝታ ውስጥ ነው፤ መጁን ገፍተው ያደጉት ሴቶች ደግሞ በየዓመቱ ቁጥራቸው እያነሰ ነው። የባህል ሠራተኞች ወደ እነርሱ ሲሄዱ ስለ ንጉሥና ስለ ጦርነት ብቻ ሳይሆን «እማማ፣ ሲፈጩ ምን ይሉ ነበር?» ብለው ሊጠይቋቸው ይገባል።